ጥርስ ስናይ ምን እናያለን?

ሰው ሲስቅ ሁላችንም ጥርሱን እናያለን። ነጭ ከሆነ እናደንቃለን። ከፊት ፍንጭት ካለው «እንዴት ያምራል!» እንላለን። በብዙ የአገራችን ክፍል ሴቶች ድዳቸውን ሲነቀሱ የኖሩትም ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ነው። የእኛ ዓይን እንዲህ ያያል።

የጥርስ ሐኪም ዓይን ግን ሌላ ነው። ፍንጭት ለእርሱ በሽታ አይደለም። እርሱ የሚጠይቀው «ድዱ ይደማል ወይ? ጥርሱ ተቦርቡሯል ወይ? ይነቃነቃል ወይ?» ብሎ ነው። የታመመ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ በመፋቂያ ሲነካ ይደማል። በንቅሳት የጠቆረ ድድ ግን ቢቀላም አይታይም። የመነቀሻው መርፌ ከአንዱ ወደ ሌላው ከዞረም በሽታ ያጋባል።

ሁለቱ ዓይኖች ይበልጥ የሚለያዩት በቡናማ ጥርስ ላይ ነው። ከአሰላ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንወርድ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ብዙ ሰዎች እናገኛለን። ደገኛው አይቶ «አፉን አይታጠብም እንዴ?» ይላል። ልጁ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ልጃገረዷንም ለጋብቻ የሚንቃት አይጠፋም። ሐኪሙ ግን «ይህ እድፍ አይደለም፤ ውሃው ነው» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። ጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የሕፃን ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ፍሎራይድ ከበዛበት ኋላ ቡናማ ይሆናል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ እዚያ ያደጉ ብዙ ልጆች ይህ ደርሶባቸዋል። እንዲህ ያለ ውሃ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ወገብና አንገትን ያደነድናል፤ መጎንበስም ያስቸግራል።

ስለዚህ ጥርሱን በአሸዋ መፈግፈግ ያሳሳዋል እንጂ አያነጣውም። ውሃ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያወጣም። የሚበጀው ውሃውን ማስመርመር ነው። ፍሎራይድ ከበዛበት፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ሌላ ንጹሕ ውሃ መፈለግ ይገባል። በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ትንሽ ነው።

ታዲያ የማን ዓይን ይበልጣል? መልክ መውደድ ነውር አይደለም። ጥርሱን አይቶ የልጁን ማፈር ያላየ ሐኪምም ግማሹን ብቻ ነው ያየው። እኛም ቡናማ ጥርስ ስናይ «ለምን አትታጠብም?» ማለቱን ትተን «የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?» ብለን እንጠይቅ።