አንድ ዲሽ ለአንድ ብሎክ፦ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ቴሌቪዥን በጋራ የሚቀበሉበት መንገድ



ውድ አንባቢዎቻችን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ወደ አንዱ ቀና ብላችሁ ብትመለከቱ ከመስኮት ቀጥሎ በብዛት የምታዩት ዲሽ ነው። በበረንዳው ብረት፣ በኮሪደሩ ጫፍ፣ በጣሪያው ጠርዝ ተደርድሯል። ለአንድ ቤት ሁለት ዲሽ መስቀልም የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ ዲሽ ተሰቅሎ ግን በዚያው ብሎክ የሚፈልጉትን ጣቢያ ማየት ያቃታቸው ቤቶች አሉ። ረመዳን ሲቃረብ ጥያቄው ይበረታል። አንዱ ተራዊሕን ከመስጂደል ሐራም በቀጥታ መከታተል ይፈልጋል፤ ሌላው በአማርኛ የሚተላለፉ የዲን ትምህርቶችን፤ ሌላው ለልጆቹ የዐረብኛ ጣቢያ።

ሲጠፋብን ሪሲቨሩን ወይም ዲሽ የገጠመልንን ልጅ እንወቅሳለን። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ቤታችን የሚያይበት አቅጣጫ ነው። ይህን ደግሞ ሌላ ዲሽ በመጨመር መፍታት አይቻልም። መፍትሔው ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ አንድ ዲሽ ለጋራ ማቆም ነው። በዚህ ጽሑፍ አሠራሩን፣ አማራጮቹንና ከመጀመራችን በፊት ልንስማማባቸው የሚገቡ ነጥቦችን እናያለን። ከሁሉ በላይ የምናሳስበው አንድ ነገር ነው፦ ዲሹን እንጋራ፣ ምርጫውን ግን ለየቤቱ እንተው።

ሳተላይቱ ያለው በየት በኩል ነው?

ከአዲስ አበባ ስንሰግድ የምንዞረው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብለን ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ግን ያሉት ከምድር ወገብ በላይ፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስለምትገኝ ሁሉም ያሉት በደቡቡ የሰማይ ክፍል፣ ማለትም ከቂብላችን በስተ ኋላ ነው። ይህ ለእኛ ጥሩ መለያ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ወደ ቂብላ ዞራችሁ ቁሙና አቅጣጫውን እንዲህ አስቡት፦

- ኢትዮሳት (57 ዲግሪ ምሥራቅ)፦ ከቀኝ ትከሻችሁ በስተ ኋላ ነው። ከአድማስ ወደ 66 ዲግሪ ከፍ ይላል። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ አብዛኞቹ የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚተላለፉት በዚህ ነው።
- ናይልሳት (7 ዲግሪ ምዕራብ)፦ በግራ እጃችሁ በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ነው። ዝቅ ያለ ነው፤ ከአድማስ ወደ 37 ዲግሪ ብቻ።
- አረብሳት ባድር (26 ዲግሪ ምሥራቅ)፦ ከግራ ትከሻችሁ በስተ ኋላ ነው። በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ወደ 72 ዲግሪ።

ከዚህ በመነሳት የብዙ ቤቶች ችግር ይገባናል። መስኮቱና በረንዳው ወደ ቂብላ ብቻ የሚያይ ቤት ከሦስቱ አንዱንም ከራሱ በረንዳ አያገኝም። ወደ ምዕራብ የሚያይ ቤት ናይልሳትን ቢያገኝም ኢትዮሳትን ሕንጻው ራሱ ይጋርደዋል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አቅጣጫው የተመቸለትም ቢሆን ሌላ ችግር አለበት። ኢትዮሳትና አረብሳት ከአናት በላይ ስለሆኑ የላይኛው ፎቅ በረንዳ ይከልላቸዋል። ሰዎች ዲሹን በረጅም ብረት ከበረንዳ ውጭ አውጥተው የሚሰቅሉት ለዚህ ነው። ያ ብረት ዝጎ ወይም ነፋስ ገፍቶት ቢወድቅ ከታች የሚጫወቱት የሁላችንም ልጆች ናቸው።

ገመድ ቀጥሎ መውሰድ ለምን አይበቃም?

አንዳንድ ጎረቤቶች ከአንድ ዲሽ በስፕሊተር ገመድ ይከፍሉና ለጊዜው ይሠራላቸዋል። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ ጣቢያ ሲቀይር የሌላው ቴሌቪዥን ይጠፋል። ከዚያ በኋላ "አንተ ነህ ያጠፋህብኝ" የሚል ንትርክ ይመጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአንድ ሳተላይት ሥርጭት አራት ቦታ የተከፈለ ነው። ሞገዱ ቁም ወይም አግድም ይሆናል፤ እያንዳንዱ ደግሞ ዝቅተኛና ከፍተኛ ባንድ አለው። ተራ ኤልኤንቢ ከአራቱ በአንድ ጊዜ የሚልከው አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሚልክ የሚያዘው ሪሲቨሩ ነው። ሁለት ሪሲቨሮች በአንድ ገመድ ሁለት የተለያየ ትእዛዝ ሲልኩ አንዱ ማሸነፉ የግድ ነው። ሁሉም ቤት የሚያየው በአንዱ ክፍል ያሉ ጣቢያዎችን ብቻ ከሆነ ስፕሊተር ሊሠራ ይችላል። አንዱ ቤት ከዚያ ክፍል ሲወጣ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል።

ሦስት የጋራ አማራጮች

የመጀመሪያው ለጥቂት ቤቶች የሚሆን ነው። ኳድ የሚባለው ኤልኤንቢ አራት መውጫ አለው፤ ኦክቶ የሚባለው ደግሞ ስምንት። እያንዳንዱ መውጫ ራሱን የቻለ ስለሆነ ማንም የማንንም ጣቢያ አያጠፋም። በአንድ ደረጃ የሚገናኙ አራት ወይም ስምንት ቤቶች አንድ ሳተላይት ብቻ ከፈለጉ ይህ ይበቃቸዋል። የኤሌክትሪክ መስመርም አይጠይቅም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከየቤቱ ሪሲቨር ነው።

ሁለተኛው ለሙሉ ብሎክ የሚሆነው መልቲስዊች ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ኳትሮ የሚባል ኤልኤንቢ ነው። ስሙ ከኳድ ጋር ስለሚመሳሰል ገበያ ላይ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ኳትሮ አራቱን የሥርጭት ክፍሎች በአራት ገመድ ለየብቻ ያወርዳል። መልቲስዊቹ አራቱንም ተቀብሎ እያንዳንዱ ቤት በጠየቀው መሠረት ያድላል። ለሁለት ሳተላይት ስምንት ገመድ፣ ለሦስት ደግሞ 12 ገመድ ወደ መልቲስዊቹ ይገባል ማለት ነው። ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚሄደው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ነዋሪው ሪሲቨሩ ላይ ዳይሴክ የሚለውን ቦታ ከፍቶ ለአንዱ ሳተላይት አንድ ቁጥር፣ ለሌላው ሁለት ቁጥር ይሰጣል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ብሎክ 24 ቤት አለው እንበል፤ አሁን የተስማሙት 18 ናቸው። መልቲስዊቹ ሲገዛ ግን 24 ወይም ከዚያ በላይ መውጫ ያለው ይሁን። ዛሬ አቅም ያጣ ወይም ያመነታ ጎረቤት ነገ ሲመጣ ቦታ ያገኛል። መውጫው ያነሰ ተገዝቶ በኋላ ሌላ ከመጨመር ይህ ይሻላል።

ሦስተኛው ኬብል ቴሌቪዥን የሚመስለው ነው፤ በሆቴሎች የተለመደ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሪሲቨሮች ይቀመጡና እያንዳንዱ በአንድ ጣቢያ ላይ ይከፈታል። የተመረጡት ጣቢያዎች ተደምረው በአንድ ገመድ ለሁሉም ቤት ይላካሉ። ጥቅሙ በየቤቱ ሪሲቨር አያስፈልግም፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይበቃል። ጉዳቱ መሣሪያው ይወደዳል፣ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚታየውን የሚመርጠው ኮሚቴ ነው።

ምርጫው የማን ነው?

በአንድ ብሎክ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረው ይኖራሉ። አንዱ ቁርኣን ይከፍታል፣ ሌላው መዝሙር፣ ሌላው ኳስ፣ ሌላው ዜና። ሃያ ወይም ሠላሳ ጣቢያ ብቻ ምረጡ ተብሎ ኮሚቴ ከተቀመጠ ወራት የማይፈታ ጭቅጭቅ ይነሳል። የተሸነፈው ወገን "ገንዘቤን ከፍዬ የሌላውን አያለሁ" ይላል፤ እውነቱንም ነው።

መልቲስዊች ይህን ጥያቄ ከሥሩ ያነሳዋል። ሁሉም ነጻ ጣቢያዎች ወደ ሁሉም ቤት ይደርሳሉ። የትኛው ይከፈት፣ የትኛው በሚስጥር ቁጥር ይቆለፍ የሚለውን እያንዳንዱ የቤት ኃላፊ በራሱ ሪሲቨር ይወስናል። ልጆቻችን ምን ይመልከቱ የሚለው ኃላፊነት የእኛው ሆኖ ይቀራል፤ የጎረቤታችን ነጻነትም አይነካም። ለመኖሪያ ብሎክ ሁለተኛውን አማራጭ የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 36 ላይ በጎ እንድንውልላቸው ከታዘዝናቸው መካከል የቅርቡም የሩቁም ጎረቤት ይገኙበታል። የጎረቤት ሐቅ በዲሽ ጉዳይም አለ።

ዲሹ የት ይቁም?

በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መብሳት ክረምት ሲገባ ከላይኛው ፎቅ ነዋሪ አልጋ ላይ ውኃ ማፍሰስ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የኮንክሪት ጣሪያ ወይም ጠንካራ ግድግዳ ከሌለ ግቢ ውስጥ በኮንክሪት መሠረት ላይ ማቆም ይሻላል። ርቀቱ ግን ይለካ። ከፍታው 15 ሜትር የሆነ ብሎክ በሳተላይቱ አቅጣጫ ቢቆም ለኢትዮሳት ከብሎኩ ሰባት ሜትር ያህል መራቅ ይበቃል። ናይልሳት ዝቅ ያለ ስለሆነ ከ20 ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልጋል። ዛፍም እንደዚሁ ይታሰብ፤ ዛሬ የማይጋርድ ችግኝ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይጋርዳል።

የጋራ ዲሽ ከግል ዲሽ ሰፋ ያለ ይሁን። ከባድ ዝናብ ምልክቱን ስለሚያዳክም ሰፊ ዲሽ በክረምት ልዩነት ያመጣል። ገመዱ በረዘመ ቁጥርም ምልክቱ ይደክማል። ስለዚህ መልቲስዊቹ ለሁሉም ቤት በሚቀርብ ቦታ፣ ዝናብ በማይነካውና በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የዲሹ ምሰሶ መብረቅን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ይኑረው። ገመዱ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር እንዳይታሰር ባለሙያውን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከገንዘቡ በፊት ስምምነቱ

በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከግል ቤቶች ውጭ ያለው የሕንጻው ክፍል የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ማኅበራቸው ነው። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ተነጋግረው ጣሪያ ላይ መውጣት የለባቸውም። ጉዳዩ በማኅበሩ ስብሰባ ይቅረብና በቃለ ጉባኤ ይያዝ። እነዚህ ነጥቦች ግልጽ ይሁኑ፦

- የዲሹ፣ የመልቲስዊቹና የተከላው ወጪ ለተሳታፊዎች እኩል ይከፈል። ከመልቲስዊቹ ወደ ቤት የሚገባውን ገመድ እያንዳንዱ በራሱ ይቻል።
- ተከራይ በሚኖርበት ቤት ዋናውን ወጪ አከራዩ፣ አነስተኛውን የወር መዋጮ ተከራዩ ቢከፍል ፍትሐዊ ነው። ተከራዩ ሲለቅ መስመሩ ለቤቱ ይቀራልና።
- መልቲስዊቹ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ከጋራ ቆጣሪ ይቀጠል። የጋራ ቆጣሪ ከሌለ መብራት የሚሰጠው ቤት ዋጋው ይታሰብለት።
- መጠባበቂያ ገንዘብ ይኑር፤ ኤልኤንቢ ሲበላሽ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ነው የሚጠፋበት።
- የሳጥኑን ቁልፍ የሚይዙት ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይሁኑ። በግል ቅሬታ የማንም ገመድ አይነቀል።
- መሳተፍ የማይፈልግ አይገደድ። ቴሌቪዥን ቤቱ ማስገባት የማይፈልግ ሰው ምርጫው ይከበርለት።

የተሰበሰበው ገንዘብ አማና ነው። ማን ስንት ሰጠ፣ ምን በስንት ተገዛ የሚለው ከነደረሰኙ ይጻፍ፣ ለሁሉም ይታይ። መጻፉ በገንዘብ ያዡ ላይ መጠራጠር አይደለም፤ እርሱን ከሐሜት የሚጠብቀው ጽሑፉ ነው። እድር ውስጥ የኖርን ሰዎች ይህን በሚገባ እናውቀዋለን።

የክፍያ ጣቢያና ኢንተርኔት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ነጻ ጣቢያዎች ነው። የክፍያ ጣቢያን አንድ ሰው ከፍሎ ለብሎኩ ማከፋፈል ከድርጅቱ ጋር የገባውን ውል መጣስ ነው፤ ውል መጠበቅ ደግሞ ግዴታችን ነው። የሚፈልግ ቤት የራሱን ክፍያ ይክፈል፤ የዚያ ሳተላይት ገመድ ግን ከጋራ ዲሹ ጋር ሊታከል ይችላል። ከብሎኩ አልፎ ለሌሎች በገንዘብ ማሰራጨት የታሰበ እንደሆነ ጉዳዩ የብሮድካስት ሥራ ስለሚሆን አስቀድሞ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቤት ኢንተርኔት ያለው ሰው ብዙ ጣቢያዎችን በዩቲዩብ በቀጥታ ማየት ይችላል፤ ያለፉ ትምህርቶችን መልሶ ለመስማትም ይመቻል። በሞባይል ዳታ ግን ለሰዓታት ቪዲዮ መክፈት ወጪው ይከብዳል። ዲሽ አንዴ ከተተከለ በኋላ የሚታይበት ሰዓት ክፍያውን አይጨምርም። ብቻቸውን ለሚኖሩ እናትና አባቶቻችንም ከስልክ ይልቅ ሪሞት ይቀላቸዋል።

ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በሚቀጥለው የብሎካችሁ ስብሰባ ሦስት ጥያቄዎችን አንሱ፦ ስንት ቤት ይፈልጋል? የትኞቹን ሳተላይቶች? ዲሹ የት ይቆማል? መልሱን ይዛችሁ ቢያንስ ከሁለት ባለሙያዎች ዋጋ ጠይቁ። ረመዳን እስኪገባ አትጠብቁ፤ ያኔ ባለሙያውም ይጣበባል፣ ጎረቤትም ይቸኩላል። በብሎኩ ውስጥ አቅም የሌለው ቤት ካለ ደግሞ ድርሻውን በዝምታ የሚሸፍን ሰው አይጠፋም፤ ምንዳው አላህ ዘንድ ነው።

አላህ ጉርብትናችንን ያሳምርልን። ወሏሁ አዕለም።