አንድ እውነት በሁለት አነጋገር

«ከ100 ችግኞች 90ዎቹ ጸደቁ» እና «ከ100 ችግኞች 10ሩ ደረቁ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እናነጻጽር። በሁለቱም የተገለጸው እውነት አንድ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን የሰማ ሰው በተገኘው ውጤት ሲደሰት፣ ሁለተኛውን የሰማ ደግሞ በጠፋው ያዝናል። ጉዳዩ የችግኝ ተከላ በሚሆንበት ጊዜ ልዩነቱ ከስሜት ላያልፍ ይችላል። ሰው አደጋ ባለበት ነገር ላይ ሲወስን ግን የአነጋገሩ መልክ የውሳኔውን አቅጣጫ ሊለውጥ እንደሚችል በጥናት ታይቷል።

ከነዚህ ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ አገር በአንድ የሕክምና መጽሔት ታትሞ የወጣው ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ አሞስ ትቨርስኪ የሚገኝባቸው አጥኚዎች በሽተኞችን፣ ሐኪሞችንና የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን ሰብስበው፣ የሳንባ ካንሰር ቢይዛቸው ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር ሕክምና የትኛውን እንደሚመርጡ ጠየቋቸው። ለንጽጽር የቀረበላቸው የሁለቱ ሕክምናዎች ውጤት የሚከተለው ነበር። ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች መካከል 10ሩ በሕክምናው ወቅት ይሞታሉ፤ ከ5 ዓመት በኋላ 34ቱ በሕይወት ይገኛሉ። የጨረር ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች መካከል በሕክምናው ወቅት የሚሞት የለም፤ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ግን 22 ብቻ ናቸው። እንግዲህ መራጩ የቅርቡን አደጋ ከሩቁ ተስፋ ጋር ማመዛዘን ነበረበት።

አጥኚዎቹ ይህንኑ መረጃ በሁለት ዓይነት አነጋገር አዘጋጁት። ለአንደኛው ቡድን በሕይወት የሚተርፉት ሰዎች ቁጥር ብቻ፣ ለሁለተኛው ቡድን ደግሞ የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር ብቻ ተነገረው። ስለ ቀዶ ሕክምናው አንደኛው ቡድን «90ዎቹ ይተርፋሉ» ሲባል፣ ሁለተኛው «10ሩ ይሞታሉ» ተባለ። ከአንደኛው ቡድን የጨረር ሕክምናን የመረጡት 18 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሁለተኛው ቡድን የመረጡት 44 በመቶ ሆኑ። ሞትን የሚያነሣው አነጋገር ጥቂት የማይባሉትን ሰዎች ከቀዶ ሕክምና አሸሻቸው። ይህ የሆነው ካለማወቅ የተነሣ ነው እንዳይባል፣ ሐኪሞቹም ከበሽተኞቹ ባላነሰ ሁኔታ በአነጋገሩ ተስበው ተገኝተዋል።

የዚህ ምክንያት ምንድን ነው? ትቨርስኪና የሥራ ባልደረባው ዳንኤል ካህነማን እንዳስረዱት፣ ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ነገር ይከብደዋል። የሚተርፉት ሰዎች ቁጥር ከ90 ወደ 100 ከፍ ሲል መጠነኛ ጭማሪ መስሎ ይታየዋል። የሚሞቱት ቁጥር ከ10 ወደ ባዶ ሲወርድ ግን አደጋው ፈጽሞ የተወገደ ያህል ይሰማዋል። ሆኖም በሁለቱም በኩል ያለው ልዩነት 10 ሰው ነው።

አቀራረብ ውሳኔን የሚያሳስተው በቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። ከማስረጃው ከፊሉ ሲነገርና ከፊሉ ሲታለፍም ያሳስታል። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኩራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከመነሣቷ በፊት በነበረው ምሽት፣ የሮኬቶቹን አሠራር የሚያውቁ መሐንዲሶች ጉዞው እንዲዘገይ አሳስበው ነበር። የፈሩትም የሮኬቶቹን መጋጠሚያ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች በብርድ ምክንያት በሚገባ ሳይዘጉ እንዳይቀሩ ነው። ነገር ግን በውይይቱ የተመረመሩት ቀለበቶቹ የተጎዱባቸው ቀደምት ጉዞዎች ብቻ ነበሩ። ከነዚህም አንዳንዱ በቀዝቃዛ፣ አንዳንዱ በሞቃት ቀን የተደረገ በመሆኑ፣ ብርዱና ጉዳቱ የተያያዙ አልመሰሉም።

አደጋውን የመረመረው ኮሚሽን ጉዳት ያልደረሰባቸውንም ጉዞዎች አክሎ ሲመለከት ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በነበረባቸው 20 ጉዞዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ብቻ ነው። ከ18 ዲግሪ በታች በነበረባቸው 4 ጉዞዎች ግን በአራቱም ታይቷል። ቻሌንጀር በተነሣችበት ሰዓት ሙቀቱ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። መንኩራኩሯ ከ73 ሴኮንድ በኋላ ተሰባበረች፤ 7ቱም ተጓዦች ሞቱ። ለውሳኔው ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ታልፎ የቀረው ማስረጃ በጊዜው ቀርቦ ቢሆን ኖሮ የመሐንዲሶቹን ስጋት በእጅጉ ባጠናከረው ነበር።

ከነዚህ ሁለት ታሪኮች ጸሐፊም አንባቢም ትምህርት ያገኛል። ገላጭ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ስለ አደጋ በሚገልጽበት ጊዜ የተረፈውንም የጠፋውንም ቁጥር፣ ከስንት እንደተቆጠረ ጭምር፣ አብሮ ማስፈር ይገባዋል። ጉዳት ስለደረሰባቸው ብቻ ሳይሆን ስላልደረሰባቸውም መናገር አለበት። አንባቢ በበኩሉ «ይተርፋሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ «ይሞታሉ» ገልብጦ ማየት ይኖርበታል። ዓረፍተ ነገሩ ሲገለበጥ ሐሳቡ የሚለወጥበት ሰው፣ ሐሳቡን የወሰነለት ቁጥሩ ሳይሆን አነጋገሩ መሆኑን ይረዳል።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲባል የአቀራረብ ማማር መመስገኑ ነው። ብርሌ ግን መስተዋት በመሆኑ ጠጁን ያሳያል እንጂ አይሸፍንም። የጸሐፊም አነጋገር እንዲሁ ሊሆን ይገባል።

መልመጃ

1. «ከ100 ተፈታኞች 70ዎቹ አለፉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እውነቱን ሳትለውጡ በሌላ አነጋገር ጻፉ። የሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ስሜት በምን ይለያያል?
2. በቻሌንጀር ጉዞ ዋዜማ በተደረገው ውይይት የታለፈው ማስረጃ ምን ነበር? ታልፎ መቅረቱስ ለምን አሳሳተ?
3. በአካባቢያችሁ የሚያጋጥም አንድ አደጋ መርጣችሁ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያሳይ ባለ ሁለት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።