ጫጫታና አርምሞ በዕንቍ ደሴት

ከአገሩ ርቆ በቀጣሯ ዶሃ አጠገብ ዘ ፐርል (ዕንቍ) በተባለው ደሴት የሚያርፍ መንገደኛ፣ ስለ ጸጥታ ብዙ ይነገረዋል፤ ከሚነገረውም ውስጥ ሦስቱ መመርመር ይገባቸዋል።

ተረት፦ ስፍራው ጸጥ ካለ ልቡናም በራሱ ያርፋል።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራው ተጀምሮ ባሕር ተደልድሎ የተሠራው ይህ ደሴት፣ አራት ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ስፋቱ ጫጫታንም ጸጥታንም ይዟል፤ ፖርቶ አረቢያ በተባለው ሰፈር ዙሪያ መኪናው ሲያጓራ ያመሻል፣ የቬኒስን አምሳል በያዘው በቃናት ኳርቲየር ግን ውሃው የቦዩን ግንብ ሲነካ እንኳ ይሰማል። እኔም አንድ ምሽት በዚያ ባለ አንድ ድልድይ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ታናሽ ወንድሜ ስለ ቤት ኪራይ የላከው መልእክት ስልኬን ቢያበራው፣ ቦዩ እንደ ነበረ ጸጥ ብሎ ሳለ ልቤ ግን ገበያ ሆነ። የዶሃና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነውና፣ የአገር ቤት ጭንቀት አንዲት ሰዓት እንኳ ዘግይቶ አይደርስም።

ተረት፦ ጫጫታ ይለመዳል፤ የተለመደም አይጎዳም።

እውነታ፦ ጆሮ እንደ ዓይን ቆብ የለውምና፣ ድምፁን የሚለምደው ኅሊና እንጂ ሥጋ አይደለም፤ ሰው ሳይነቃ የልቡ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊቱም ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ አገሮች ባወጣው መመሪያ፣ የሌሊቱ የመንገድ ጫጫታ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን የመከረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ በጎዳና በኩል መኝታ የተሰጠው እንግዳ ሌላ ክፍል ቢጠይቅ፣ ቅብጠት አይባልበትም።

ተረት፦ አርምሞ የዋልድባ መናንያን ዕድል ፈንታ ነው፤ ዓለማዊ አይደርስበትም።

እውነታ፦ አበው አርምሞ ያሉት የአንደበትን መዘጋት ብቻ ሳይሆን የኅሊናንም መሰብሰብ ነው፤ ይህም በልምምድ ይገኛል። ለአብነት፣ የጥንቶቹ የቀጣር ዕንቍ ጠላቂዎች፣ በመርከቡ ላይ ዘፋኙ እያዜመ፣ አፍንጫቸውን በቆንጣጭ ይዘው፣ እግራቸውን በድንጋይ አክብደው ሲወርዱ፣ በአንዲት ትንፋሽ የሚሹት አንድ ነገር ብቻ፣ ዕንቍ ነበር። ዕንቍም በግእዝ ባሕርይ ይባላል፤ የሰው ተፈጥሮም በዚሁ ቃል ይጠራል።

እኔም ያን ምሽት ስልኬን ዘግቼ፣ ትንፋሼን እየቈጠርሁ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ፤ በመጀመሪያ ሁከቱ ባሰ፣ ኋላ ግን የውሃው ድምፅ ተመልሶ ተሰማኝ። ለወንድሜ ስደውልለት ችግሩ እንዳለ ነበር፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጥሁት።