ዓይኗ ያበጠባት ዶሮ ገበያ አትውጣ

ነገሩ ሐሙስ ማታ ነው እንበል። ዶሮዎቹ ወደ ቆጥ ሲወጡ አንዲቱ ወደ ኋላ ቀረች። የቤቱ እመቤት አንስታ በኩራዝ አየቻት። ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ከአፍንጫዋም ውሃ ይወርዳል።

ባልየው ምን ይላል? «ቅዳሜ ገበያ ነው። ሳትሞትብን እንሽጣት።»

ሚስቲቱስ ምን ትላለች? «ኧረ አንተ ሰውዬ! ይቺ ጥሩ ዕንቁላል ጣይ ናት። እሷ ከሄደች የልጁ ደብተር በምን ይገዛል?»

ሁለቱም የሚያስቡት ለቤታቸው ነው። የዶሮ ገንዘብ ትንሽ ነው የሚል ሰው፣ ጨውና ሳሙና በምን እንደሚገዛ ጠይቆ አያውቅም። ነገር ግን ከሁለቱ ልክ የሆነችው ሚስቲቱ ናት።

ዓይን የሚያሳብጠው በሽታ ብዙ ጊዜ ተላላፊ ነው። ገበያ ላይ ዶሮ ከዶሮ ጋር እግር በእግር ታስሮ ይውላል። የአንዷ ንፍጥ ሌላዋን ይነካል። የገዛውም ሰው ወስዶ ከ10 ዶሮዎቹ ጋር ይቀላቅላታል። ሳትሸጥ ከቀረች ደግሞ የሌላ ሰው ዶሮ በሽታ ይዛ ወደ እናንተው ቤት ትመለሳለች። በበዓል ሰሞን፣ ዶሮ ከየቦታው ሲሰበሰብ፣ ይህ ነገር ይብሳል።

እንግዲያው ምን ይደረግ? ሳይነጋ፣ በዚያው ማታ ዶሮዋን ለይዋት። ከሌሎቹ ራቅ አድርጋችሁ በቅርጫት ሥር አኑሯት። ውሃዋና ምግቧ ለብቻ ይሁን። ንፍጧ የነካው የውሃ ዕቃ ሌሎቹን ሁሉ ሊያስይዝ ይችላል። በየቀኑ በመጀመሪያ ጤነኞቹን መግቡ፣ የታመመችውን በመጨረሻ። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ የሰውንም ዓይን ሊያቀላ ይችላል። ስለዚህ ልጆች ዶሮዋን ነክተው ዓይናቸውን አይሹ።

ሲነጋ በብርሃን እይዋት። የዓይን እብጠት የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ከብዙ ነገር ይመጣል፤ መድኃኒቱም እንደ መነሻው ነው።

ያመማት አንድ ዓይኗን ብቻ ከሆነና ሌሎቹ ደህና ከሆኑ፣ እሾህ ወግቷት ወይም በአውድማ ጊዜ እብቅ ገብቶባት ሊሆን ይችላል። በዓይኗ ዙሪያ የተጣበቁ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ካያችሁ፣ በጣት ሲጠርጓቸውም ካልሄዱ፣ ቁንጫ ነው። ቫዝሊን በላያቸው ቀቡ፤ ታፍነው ይሞታሉ። ዓይኗ ውስጥ ግን አይግባ።

በዓይኗ ቆብና በራሷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ላይ ቅርፊት ያለው ቁስል ካለ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። የወባ ትንኝ ሰውን ነክሳ እንደምታስይዝ፣ ይህንንም ትንኝ ከዶሮ ወደ ዶሮ ያዛምተዋል። ቅርፊቱን አትላጡ። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ብዙዎቹ ዶሮዎች ግን በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ።

ፊቷ አብጦ፣ አፍንጫዋ የሚሸት ፈሳሽ ካወጣ፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ሌሎቹ ማስነጠስ ከጀመሩ፣ ኮራይዛ የሚባለው ከባድ የዶሮ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ዓይኗ አረፋ ካወጣና ስትተነፍስ ሲር ሲር ካለች ደግሞ ሌላ የመተንፈሻ በሽታ ነው። ይህኛው በዕንቁላል በኩል ወደ ጫጩት ይተላለፋል። ስለዚህ የእሷን ዕንቁላል አታስታቅፉ።

በበጋ ለምለም ነገር ሲጠፋ የሚመጣም አለ። ሁለቱም ዓይኖች ያብጣሉ፤ ውስጣቸው እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ይሞላል። ይህ ከምግብ ጉድለት፣ ቪታሚን ኤ ከሚባለው ማነስ ነው። ጎመን ከትፋችሁ ስጧቸው። ከነጭ በቆሎ ይልቅ ቢጫው ይሻላል።

ጭስና የኩስ ሽታም ዓይን ያቆስላል። እስቲ ዶሮ በምታድርበት ቦታ ቁመታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አሽትቱ። የእናንተን አፍንጫ ከቆነጠጠ የእሷን ዓይን ያቃጥላል። ኩሱን ጥረጉ፤ ደረቅ ገለባ ጎዝጉዙ።

አሁን ወደ እጥበቱ እንምጣ። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሳይከመር፣ ጨምሩበትና ለብ እስኪል አቀዝቅዙ። አንድ ሰው ዶሮዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝ። ንጹሕ ጨርቅ በውሃው ነክራችሁ በተዘጋው ዓይን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያዙበት። አሩ ሲርስ በቀስታ ጥረጉት። ለሌላው ዓይን ሌላ ጨርቅ ውሰዱ። እንደ አይብ የጠጠረ ነገር በውስጡ ካለና ለስላሳ ግፊት ካላወጣው ተዉት፤ በጥፍር ወይም በእሾህ መፈልፈል ዓይኗን ያጠፋል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። የሎሚ ውሃ፣ አረቄ፣ በርበሬ፣ ላምባ፣ የሚያቃጥል ማናቸውም ነገር አይግባባት።

ከታጠበ በኋላ ቴትራሳይክሊን የሚባለው የዓይን ቅባት ይደረጋል። ለሰው የዓይን ማዝ የሚሰጠው ያው ነው። በዓይን ቆቧ ውስጥ ትንሽ ጨምቁ፤ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። ተሻላት ብላችሁ በ2ኛው ቀን አታቁሙ።

ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በቅባቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ነው፤ ቁጥሩ ግን የምናውቀው ቁጥር ነው። የዓይኑ ቅባት 1% ይላል። 3% የሚለው የቆዳ ነው፤ ዓይን ውስጥ አይገባም። ቀኑንም እዩ። ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ስለሆነ ያታልላል። 2024 የሚለውን ያየ ሰው «ገና ብዙ ዓመት አለው» ሊል ይችላል። ወሩ ከጥር እስከ ነሐሴ ያለው ከሆነ 8 ቀንሱ፤ 2016 ማለት ነው። ጊዜው ያለፈበትን አትግዙ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ዓይኗ የተዘጋባት ዶሮ ብዙ ጊዜ የምትሞተው በረኃብና በጥም ነው። እህሉ ፊቷ ተበትኖ አይታያትም። ስለዚህ የረጠበ ፍርፋሪ በዕቃ አድርጋችሁ አፏ ሥር አቅርቡላት። ምንቃሯን ቀስ ብላችሁ ውሃው ላይ አስነኩ። በቀን ብዙ ጊዜ እንዲህ አድርጉላት።

ሁለት ሦስት ዶሮ ከታመመ ቅባት ብቻውን አይበቃም። ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱ። በውሃ የሚሰጥ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የሰው ካፕሱል ከፍቶ በውሃ መበጥበጥ ግን መጥፎ ልማድ ነው። ልኩ አይታወቅም፤ ተሕዋስያኑም መድኃኒቱን ይለምዱታል። መድኃኒት የምትወስድ ዶሮ ዕንቁላሏም ሥጋዋም አይበላም። ከጨረሰች በኋላም ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ባለሙያውን ጠይቁ።

ከዓይን እብጠቱ ጋር አረንጓዴ ተቅማጥ ካለ፣ አንገት ከተጠማዘዘ፣ ዶሮዎችም በጥቂት ቀን ተከታትለው ከሞቱ ፈንግል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ቅባትም ካፕሱልም አይረዳም። የሞቱትን ውሻ እንዳያወጣቸው በጥልቅ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ለባለሙያው ወዲያው ንገሩ። መከላከያው ክትባት ነው፤ ቢሾፍቱ ከተማ ይመረታል። በዓይን በጠብታ የሚሰጥ ዓይነትም አለው። የሚከተበው ጤነኛ ዶሮ ነው፤ የታመመችውን አያድንም። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ አይቀመጥም። ስለዚህ አንድ ቤት ብቻውን ከሚጠራ ጎረቤት ሁሉ ተነጋግሮ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ይሻላል። ክረምት ሳይገባ ቢሆን ጥሩ ነው።

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ቅዳሜ ባልየው ገበያ ይሂድ፤ ዶሮዋ ግን ትቅር። ቅባቱን ይዞ ይምጣ። ሌላ ዶሮ ከገዛም በቀጥታ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅላት። ከኮራይዛ የዳነች ዶሮ ደህና መስላ በሽታውን ይዛ ትኖራለችና ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ቢቻል 1 ወር ለብቻዋ ትቆይ። ለዚህም ሌላ ቅርጫት ያስፈልጋል፤ የታመመችው ያደረችበት ሳይታጠብና ፀሐይ ሳይመታው አይሆንም።