ስለ አርባ ምንጭና ስለ ጋሞ አገር የመጠጥ ውኃ ንጽሕና

አርባ ምንጭ ስሙን ያገኘው ከተራራው ግርጌ በጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው። የጋሙ ጎፋ ዋና ከተማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከጨንቻ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ የሴቻና የሲቀላ ሕዝብ እየበዛ፣ ሰፈሩም ወደ እርሻው እየገፋ ሄዷል። እንዲህ ያለ የውኃ ጸጋ ባለበት አገር ሕፃናት በተቅማጥ የሚታመሙት ስለ ምንድር ነው ብሎ መጠየቅ ለአስተዳዳሪዎችና ቤት ለሚያከራዩ ባለይዞታዎች ይገባል።

ከምንጩ ጠርቶ የወጣ ውኃ እስከ ጽዋው ድረስ ጠርቶ አይደርስም። በሽታ የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው።

መጀመሪያው ምንጩ ነው። በደጋው ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ሰው የሚቀዳበት ምንጭ አንድ ከሆነ ውኃው ይበከላል። ስለዚህ ምንጩ ይታጠር፤ ዓይኑም በግንብ ይከደን፤ ለከብት የሚሆነው ገንዳ ከበታቹ ይሠራ። በቆላውም ሙዝና ማንጎ የሚያጠጣው የመስኖ ቦይ ለመጠጥ አይሆንም።

ሁለተኛው ቧንቧው ነው። ውኃው በፈረቃ ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ቧንቧው ስንጥቅ ካለበት በዙሪያው ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ይስባል። እንግዲህ የሚያፈስን ቧንቧ ቶሎ ማስጠገን ውኃን ለመቆጠብ ብቻ ሳይሆን ነፍስንም ለማዳን ነው።

ሦስተኛው ቤት ነው። ውኃ ይጠፋል ተብሎ በጄሪካንና በበርሜል ለብዙ ቀን ይቀመጣል፤ ባልታጠበ እጅም በጣሳ ይጨለፋል። አፈ ጠባብና ክዳን ያለው ዕቃ ይመረጥ፤ ዘወትርም ይታጠብ። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ቢታጠብም እንኳ ለውኃ ከቶ አይሁን። የሚያጠራጥርን ውኃ ማፍላት፣ ወይም የውኃ ማከሚያ መድኃኒት በታዘዘው ልክ ጨምሮ ሠላሳ ደቂቃ መቆየት ይገባል። ሆኖም በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጕድጓድ የሚገኘው ብዙ ፍሎራይድ ጥርስንና አጥንትን ይጎዳል፤ ማፍላትም አያስወግደውምና አዲስ ጕድጓድ ሲቆፈር ውኃው አስቀድሞ ይመርመር።

ውኃው ለዓይን ጠርቷል፣ ለአፍም ጥሟል ብሎ መታመን አይገባም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1854 በሎንዶን ኮሌራ በገባ ጊዜ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት ቢመረምር፣ ብዙዎቹ ከአንድ የውኃ መሳቢያ የሚቀዱ ሆነው አገኛቸው። ከሰፈሩ ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴትም ጣዕሙን ወድዳ ውኃውን ታስመጣ ነበርና እርሷም ሞተች። በስኖው ምክር የመሳቢያው እጀታ ተነቀለ።

ስለዚህ የወረዳ ሹም በአንድ መንደር ተቅማጥ በርትቷል የሚል ወሬ በሰማ ጊዜ፣ አስቀድሞ ሕመምተኞቹ ከወዴት ይቀዳሉ ብሎ ይጠይቅ። ጤና ጣቢያውንና የውኃ አገልግሎቱን ሠራተኞች በአንድነት ልኮ ያስመርምር። ቤት የሚያከራይም ሰው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ መጸዳጃው ከጕድጓዱ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ርቆና በቁልቁለቱ በኩል ሆኖ እንዲቆፈር፣ በአጠገቡም የእጅ መታጠቢያ እንዲኖር ያድርግ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ቸል ቢባል ግን ዕዳውን የሚከፍሉት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።