ቤት ከመሥራታችን በፊት ከአርክቴክቱ ጋር ምን እንዋዋል?

እንደሚታወቀው ቤት መሥራት ለብዙዎቻችን ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ የሚፈስበት ጉዳይ ነው። በሸዋ ሮቢትና በጀውሃ በኩል ደግሞ ዐረብ አገር ሰው ቤት ተሠርቶ በተላከ ገንዘብ የሚገነባው ቤት ጥቂት አይደለም። ላኪዋ ሩቅ ናት፤ ግንባታውን የሚከታተሉት አባት ወይም ወንድም ናቸው። ታዲያ በሲሚንቶና በፌሮ ዋጋ ሳምንት ሙሉ የሚከራከር ሰው ከአርክቴክቱ ጋር ሲሆን በቃል ተስማምቶ ይለያያል። «ፕላኑን ስጠኝ፣ ገንዘብህን ውሰድ» ነው ነገሩ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራል ይባላል። ነገር ግን ቃል ከሁለት ክረምት በኋላ ይረሳል። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1727 የጽሑፍ ውል በተዋዋዮቹ መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ እንዳለበት ይደነግጋል። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ምን ይስፈር?

አንደኛ፣ ቦታው። አርክቴክቱ መሬቱን በአካል መጥቶ እንዲያይ፣ የአፈር ምርመራውንም ማን እንደሚያስደርግና ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ዋልካ አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ለደብረ ብርሃን ብርድ የተሠራ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለና መስኮቱ የጠበበ ፕላን ጀውሃ ላይ ሲገነባ ምድጃ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ይፋት የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከጀውሃ በስተሰሜን በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን በኩል በተደጋጋሚ የተከሰተውም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስለዚህ የአምዱንና የማሰሪያውን ስሌት የሚሠራው የስትራክቸር መሐንዲስ ማን እንደሆነ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን አስቦ እንደሚሠራም ውሉ ይናገር። የጎረቤትን ፕላን ገልብጦ መሥራት እዚህ ላይ ነው አደጋው።

ሁለተኛ፣ የምንረከበው ነገር። «ፕላን» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያ ንድፍ፣ ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርበው ሥዕል፣ ግንበኛው የሚሠራበት ዝርዝር ሥዕል፣ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር፣ የዕቃና የዋጋ ዝርዝር እየተባለ በስሙ ይቆጠር። ማዘጋጃ ቤቱ አስተካክሉ ብሎ ቢመልሰውስ? ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያስተካክል ቀድሞ ይወሰን። ባለቤቱም ሐሳቡን ቢቀይር ስንት ጊዜ በነፃ፣ ከዚያ በላይ በስንት እንደሚሠራለት ይታወቅ።

ሦስተኛ፣ ክፍያ። በጥቅል፣ በካሬ ሜትር ወይም ከግንባታው ዋጋ በመቶኛ ሊሆን ይችላል። በመቶኛ ከሆነ የዕቃ ዋጋ በናረ ቁጥር የአርክቴክቱም ሒሳብ እንዳይጨምር መነሻው ዋጋ ይጻፍ። ከቅድሚያው በኋላ ያለው ክፍያ በየርክክቡ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይሻላል። ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን ለሚመጣ ባለሙያ የመጓጓዣና የአበል ነገር ካልተነሳ በኋላ ያጣላል።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ክትትል። ፕላን የሠራ ሁሉ ሥራውን ይቆጣጠራል ማለት አይደለም። መሠረቱ ሲቆፈር፣ ፌሮው ታስሮ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፣ ጣሪያው ከመመታቱ በፊት መጥቶ እንዲያይ ቀኑ ሳይሆን ደረጃው ይጻፍ። ኮንክሪት አንዴ ከፈሰሰ ውስጡ ያለው ፌሮ አሥር ይሁን አሥራ ሁለት ማን ያየዋል?

አምስተኛ፣ ኃላፊነት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ከርክክብ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ጉዳቱ ከአፈሩ ጠባይ ቢመጣም እንኳ። ይሄ ጥሩ ነው። ነገር ግን ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሥራ ተቋራጩ «እንደተሳለው ነው የሠራሁት»፣ አርክቴክቱ ደግሞ «እንደሳልኩት አልሠራም» ይላሉ። ባለቤቱ መሀል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ስህተቱ ከንድፉ ከሆነ አርክቴክቱ ምን እንደሚያደርግ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ፣ ክርክር ቢነሳ ማን አይቶ እንደሚወስን አስቀድሞ ይዋዋሉ። ውሉ ቢፈርስ ሥዕሉን ይዞ በሌላ ባለሙያ ማስጨረስ ይቻል እንደሆነም አይዘለል።

ይህ ሁሉ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ቢሆን ነው። ጥሩ አርክቴክትም አይከፋበትም፤ እሱንም ከማያልቅ «ይቺንም ጨምርልኝ» ያድነዋል። ነገ ስለ ፈረሰ ቤት ዜና የምንሠራው እኛም ብንሆን፣ ስንት ሰው ተጎዳ ብለን ከጠየቅን በኋላ ውሉ ምን ይላል ብለን እንጠይቅ።