«ሶሪ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ከእንግሊዝኛ ቃላት መካከል በከተሞቻችን ከትንሽ እስከ ትልቅ የሚያውቀው አንዱ «ሶሪ» የሚለው ነው። በታክሲ ውስጥ የሰው እግር የረገጠ፣ ከቀጠሮ የዘገየ፣ ስልክ ተሳስቶ የደወለ ሁሉ «ሶሪ» ይላል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ትርጉሙን ብንጠየቅ ሳናስብ «ይቅርታ ማለት ነው» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ነው፤ የቀረውን ግማሽ አለማወቅም አንዳንድ ጊዜ ሰውን ከሰው ያቀያይማል፤ መንግሥትንም ከመንግሥት ያከራክራል።

ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር። የወጣውም ሕመም ወይም ቁስል ማለት ከሆነው «ሳር» ከሚለው ቃል ነው፤ ዛሬ የቆሰለ ገላ «ሶር» የሚባለው ከዚሁ ሥር ነው። ኀዘን ማለት የሆነው «ሶሮው» በድምፅም በትርጉምም ስለሚቀርበው ወንድሙ ይመስላል እንጂ ከሌላ ሥር የበቀለ ነው። እንግዲህ «አይ አም ሶሪ» የሚል ሰው በመሠረቱ የሚናገረው ስለ ራሱ ልብ ነው፤ አዝኛለሁ ማለቱ ነው። ያዘነው በራሱ ጥፋት ይሁን በሌላ ሰው መከራ ቃሉ ብቻውን አይለይም።

የእኛ ቋንቋ ግን ይለያል። «ይቅርታ» የሚለው «ይቅር» ከሚለው የመጣ ስለ ሆነ የተበደለውን ሰው አንድ ነገር ይለምነዋል፤ ይኸውም በደሉን እንዲተው ነው። በሽማግሌዎች ፊት በሚደረግ ዕርቅ በዳዩ ይቅርታ ሲጠይቅ ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እንዲል የሚጠበቀውም ስለዚህ ነው። ሰው ተደናቅፎ ሲወድቅ ግን ያልገፋው «ይቅርታ» አይለውም፤ «እኔን!» ይለዋል እንጂ፤ ጉዳቱ በአንተ ፈንታ በእኔ ይሁን እንደ ማለት ነው። (ይህን ቃል የሚያህል በእንግሊዝኛ አላገኘሁም።) ለታመመ «እግዜር ይማርህ»፣ ዘመድ ለሞተበት «እግዜር ያጥናህ» አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የታመመውንም ኀዘንተኛውንም በ«ሶሪ» ያጽናናል። በኬንያና በናይጄሪያማ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች ለተደናቀፈ መንገደኛ ሁሉ ፈጥነው «ሶሪ» ይላሉ፤ ይህን ያልለመደ እንግሊዛዊ «አንተ መች ገፋኸኝ?» ብሎ ሊገረም ይችላል።

ታዲያ ተማሪው እንዴት ይለየው? ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣውን በመመልከት ነው። «ሶሪ ቱ ሂር» ከተባለ ክፉ ወሬ ተሰምቷልና ኀዘን ነው እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም። «ፊል ሶሪ ፎር» ተብሎ ሰው ከተከተለ አሳዘነኝ ማለት ነው፤ ይህ ግን ኩሩ ሰው ፊት ሲነገር እንደ ንቀት ሊቆጠር ስለሚችል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ድምፅን ከፍ አድርጎ እንደ ጥያቄ «ሶሪ?» ማለት «ምን አሉኝ?» ማለት ነው። ከስም በፊት ገብቶ ስለ ቤት ወይም ስለ ልብስ ሲነገር ደግሞ የተጎሳቆለ ማለት ይሆናል።

ነገሩ የሚከብደው ቃሉ ብቻውን ሲቀር ነው። በሽተኛው የሞተበት ሐኪም ለቤተ ሰቡ «አይ አም ሶሪ» ቢል አጽናና ወይስ ጥፋቱን አመነ? በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር በ1998 ዓ.ም. በወጣ ሕግ እንዲህ ያለው ንግግር ጥፋትን እንደ ማመን እንዳይቆጠር ተደንግጓል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በ1993 ዓ.ም. የሆነው ነው። መጋቢት 23 ቀን አንድ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በሃይናን ደሴት አጠገብ ከቻይና ተዋጊ አውሮፕላን ጋር በአየር ላይ ተጋጨ። ቻይናዊው አብራሪ ዋንግ ዌይ ጠፍቶ ቀረ፤ የአሜሪካው አውሮፕላን ተጎድቶ ደሴቲቱ ላይ አረፈ፤ 24ቱም ሰዎች ተያዙ። ቻይና ግልጽ ይቅርታ እንዲጠየቅ አጥብቃ ፈለገች፤ አሜሪካ ግን ጥፋተኛ አይደለሁም አለች። ሚያዝያ 3 ቀን አምባሳደር ጆሴፍ ፕሩኸር ለቻይና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሰጡት ደብዳቤ ውስጥ «ቬሪ ሶሪ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተጻፈ፤ አንደኛው ስለ ሞተው አብራሪ፣ ሁለተኛው አውሮፕላኑ በቃል ፈቃድ ሳያገኝ ስለ ማረፉ። በዋሽንግተን ሹማምንቱ «ማዘናችንን ገለጽን እንጂ ይቅርታ አልጠየቅንም» አሉ። በቤጂንግ ደግሞ ይኸው ቃል ጥልቅ ይቅርታ የሚል ስሜት ባለው ቻይንኛ ተተርጉሞ ለሕዝቡ ተነገረ። 24ቱ ሰዎችም ከተያዙ ከ11 ቀን በኋላ ወደ አገራቸው ተሸኙ።